አንድ ዋሻ፣ ስንት ኮሮና?

ኮሮና የመጣ ሰሞን ሰፈሩ ሁሉ የሌሊት ወፍ ሊቅ ሆኖ ነበር። ታክሲ ውስጥም፣ ቡና ላይም፣ ለቅሶ ቤትም ወሬው አንድ ነው፦ «የሌሊት ወፍ ሾርባ በልተው እኮ ነው!» ያኔ ከስልክ ስልክ ስትዞር የነበረችው የሾርባ ቪዲዮ ግን ቻይና ውስጥ አልተቀረጸችም። በወረርሽኙ ጊዜም አይደለም። በ2016 ፓላው በምትባል የፓስፊክ ደሴት አገር የተቀረጸች ናት። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሾርባው ይቅር። የሌሊት ወፍ ግን ታሪኩ ውስጥ አለች። «የሌሊት ወፍ ኮሮና አለባት» ሲባል አብዛኞቻችን አንዲት ወፍና አንድ ቫይረስ ነው የሚታየን። ነገሩ ከዚያ በጣም ይሰፋል፤ ሲሰፋ ደግሞ የምንጠይቀው ጥያቄ ራሱ ይቀየራል።

መጀመሪያ ስለ ወፊቱ። ወፍ አይደለችም፤ ወልዳ የምታጠባ እንስሳ ናት። እኛ አገር ሁለት ቤት የሚያምታታ ሰው በእሷ ይመሰላል፤ ለወፎቹ ክንፏን፣ ለአይጦቹ ጥርሷን ታሳያለች ይባላል። ዝርያዋ ከ1,400 በላይ ነው። በምድር ላይ ካሉት አጥቢ እንስሳት ዝርያዎች አምስት ብትቆጥሩ አንዱ የሌሊት ወፍ ነው ማለት ነው። ታይላንድ ውስጥ ሁለት ግራም የምትመዝን አለች። እስያ ውስጥ ደግሞ ክንፏ ሲዘረጋ አንድ ሜትር ተኩል የሚደርስ፣ ፍራፍሬ የምትበላ አለች። አንዲት ስም ሰጥተን «የሌሊት ወፍ» እንላለን እንጂ ፍየልንና ዝሆንን በአንድ ስም እንደ መጥራት ነው።

የኮሮናቫይረስ ቤተሰብም እንዲሁ አራት ቅርንጫፍ አለው፦ አልፋ፣ ቤታ፣ ጋማ፣ ዴልታ። በኮቪድ ዘመን ከሰማናቸው «አልፋ» እና «ዴልታ» ከሚባሉት ዝርያዎች ጋር እንዳይምታታባችሁ፤ እነዚያ የአንድ ቫይረስ ልጆች ናቸው፣ እነዚህ የቤተሰቡ ቅርንጫፎች። ስያሜ ሲያልቅባቸው ይሁን ሌላ፣ ያው ፊደል ሁለት ቦታ ገብቷል። ጋማና ዴልታ በብዛት የሚገኙት በአእዋፍ ነው፤ ዶሮ የሚያሳስለው ቫይረስ አንዱ ነው። አልፋና ቤታ ግን አጥቢ እንስሳት ላይ ይኖራሉ፤ ትልቁ መኖሪያቸውም የሌሊት ወፍ ነች። እኛን ሰዎችን የሚይዙት ሰባቱ ኮሮናዎች ከእነዚህ ከሁለቱ የወጡ ናቸው። ከሰባቱ አራቱ ተራ ጉንፋን ናቸው፤ ሳታውቁት ደጋግመው ይዘዋችኋል።

ስንት ዓይነት አለ ታዲያ? በ2017 ፕሬዲክት የሚባል፣ ከእንስሳት ወደ ሰው ሊሻገሩ የሚችሉ ቫይረሶችን የሚፈልግ ትልቅ ፕሮጀክት ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አሳተሙ። በአፍሪካ፣ በእስያና በላቲን አሜሪካ በ20 አገሮች ናሙና ሰበሰቡ። 12,333 የሌሊት ወፎች፣ ከነሱ ሌላ በሺህ የሚቆጠሩ አይጦችና ዝንጀሮዎች ተመረመሩ። በጠቅላላው 100 የተለያዩ ኮሮናቫይረሶች ተገኙ። 91ዱ ከሌሊት ወፍ ነው። ከዚያ ተነስተው ሲያሰሉ በዓለም ላይ በሌሊት ወፎች ውስጥ ያለው ቢያንስ 3,204 ዓይነት ይሆናል አሉ። ይቺን የመጨረሻዋን «4» ብዙ አትመኑባት፤ የስሌት ውጤት ናት። ዋናው ነገር ስሌቱ የቆመበት ነው፦ የወፎቹ ዝርያ በበዛበት ቦታ የቫይረሶቹም ዓይነት ይበዛል። አንዱ ዝርያ የራሱን ይይዛል፣ ሌላው የራሱን።

ናሙናው የሚወሰደው እንዴት እንደሆነ ላሳያችሁ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ዋሻው አፍ ላይ ቀጭን መረብ ይዘረጋል። የሌሊት ወፍ መንገዷን የምታገኘው በድምፅዋ ማሚቶ ነውና መረቡ በጣም የሳሳ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ሰምታው ትዞራለች። የተያዘችው በወፍራም ጓንት ከመረቡ ትፈታና የጨርቅ ከረጢት ውስጥ ትገባለች። ትመዘናለች። የክንዷ ርዝመት ይለካል፤ ዝርያዋ የሚለየው በዚያ ነው። ከዚያ ኮቪድ ስንመረመር አፍንጫችን ውስጥ ይገባ የነበረው ዓይነት ቀጭን ዘንግ ይመጣል። እሷ ላይ ግን የሚገባው በሌላኛው በኩል ነው። ምክንያቱም እሷ ውስጥ ኮሮናቫይረስ ቤቱን የሠራው በአብዛኛው አንጀት ውስጥ ነው። ከዚያ ትለቀቅና ወደ እራቷ ትሄዳለች። መረብ የማያመች ከሆነ ወለሉ ላይ ላስቲክ አንጥፎ ኩሷን መልቀምም ይቻላል።

ላብራቶሪ ሲደርስ መጀመሪያ የሚታየው ግን የቫይረሱ ሙሉ ጽሑፍ አይደለም። የኮሮናቫይረስ ዘረመል ወደ 30,000 ፊደል ይጠጋል። የመጀመሪያው ምርመራ ከዚያ ውስጥ ጥቂት መቶ ፊደል ብቻ ያነባል። ስለዚህ «አዲስ ኮሮና ተገኘ» የሚል ዜና ስታዩ፣ ብዙ ጊዜ የተገኘው ከአንድ መጽሐፍ አንድ ገጽ ነው። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አንድ ቁም ጸሐፊ ዳዊት ሲገለብጥ አስቡ። ብራናውን ዘርግቶ፣ መቃውን ቀለም እያጠቀሰ፣ ፊደል በፊደል ይጽፋል። ሰው ነውና ይሳሳታል። እንደ ኢንፍሉዌንዛ ያሉ ቫይረሶች ሲሳሳቱ ዝም ብሎ የሚያልፍ ጸሐፊ ናቸው። ኮሮናቫይረስ ግን ቆም ብሎ ያነባል፤ ስህተት ካየ ይፍቀዋል። ለዚህ ሥራ ብቻ የተመደበ ፕሮቲን አለው። ያን ያህል ረጅም ጽሑፍ ይዞ ሳይበላሽ ከትውልድ ትውልድ የሚያልፈው አንድም በዚህ ነው።

ሁለተኛ ጠባይ አለው፤ ይሄኛው ነው ነገሩን የሚያወሳስበው። አንዲት የሌሊት ወፍ በአንድ ጊዜ በሁለት ኮሮናዎች ልትያዝ ትችላለች። ሁለቱ አንድ ሕዋስ ውስጥ ሲገናኙ ጸሐፊው ፊት ሁለት ዳዊት ተዘረጋ ማለት ነው። ከአንደኛው እስከ መዝሙር 60 ይገለብጥና፣ ቀና ብሎ ሲመለስ ዓይኑ ሌላኛው ላይ ያርፋል። ከ61 ጀምሮ ከዚያኛው ይቀጥላል። ያለቀው መጽሐፍ ሙሉ ዳዊት ነው፤ ይነበባል። ግን የማን ግልባጭ ነው? የመጀመሪያው ባለቤት የእኔ ነው ይላል፣ ሁለተኛውም እንዲሁ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ሳይንቲስቶቹ ይህን ሪኮምቢኔሽን ይሉታል። ኮሮናቫይረሶች ላይ ደግሞ በጣም የተለመደ ነገር ነው።

ዩናን የሚባለው የደቡብ ምዕራብ ቻይና ክፍለ አገር ውስጥ፣ ኩንሚንግ ከተማ አቅራቢያ፣ ሺቶ የሚባል ዋሻ አለ። ዋሻው ውስጥ የሚኖሩት አፍንጫቸው ላይ የፈረስ ጫማ የመሰለ ቆዳ ያላቸው የሌሊት ወፎች ናቸው። በዚያ ቆዳ ነው ድምፃቸውን ወደፊት የሚወረውሩት። ለአነጋገር እንዲቀለን ባለፈረስ ጫማ እንበላቸው።

ወደ ዋሻው ያደረሰው ሳርስ ነው። ሳርስ በ2002 መጨረሻ ጓንግዶንግ ክፍለ አገር ተነስቶ ከ8,000 በላይ ሰው ያዘ፤ 774 ሰው ገደለ። በ2003 በገበያ የሚሸጡ ጥርኞች ላይ ተገኘ። (ዝባድ የምናወጣባት የእኛዋ ጥርኝ አይደለችም፤ የእስያ ዘመዷ ናት።) በ2005 ደግሞ ሁለት ቡድኖች፣ አንዱ የቫይረስ ተመራማሪዎቹ ሺ ዠንግሊ እና ሊንፋ ዋንግ ያሉበት፣ ሌላው የሆንግ ኮንግ፣ የሳርስ ዘመዶች ባለፈረስ ጫማዎቹ ላይ መኖራቸውን አሳዩ። ግን ዘመድ እንጂ ወላጅ አልነበሩም። በተለይ ሰው ሕዋስ ውስጥ የሚያስገባው ክፍላቸው አይመሳሰልም።

እነ ሺ ሺቶ ዋሻ ውስጥ ለአምስት ዓመት ተመላለሱ። በ2017 ባወጡት ውጤት ከዚያ አንድ ዋሻ 15 ሙሉ ዘረመል ተነቧል። ሲያስተያዩት የሳርስ እያንዳንዱ ክፍል እዚያው ነው። አንዱ ወፍ ላይ ይሄኛው ክፍል፣ ሌላው ላይ ያኛው። ራሱ ሳርስ ግን እንደተሟላ አንዱም ላይ አልተገኘም። ዳዊቱ የለም፤ መዝሙሮቹ ሁሉም አሉ።

ስለዚህ «ሳርስ የመጣው ከየትኛዋ ወፍ ነው?» የሚለው ጥያቄ መልስ የሌለው ይሆናል። ከአንዲት ወፍ አልመጣም። ከአንድ ትልቅ መገለባበጫ ቤት ነው የወጣው። እንዲህም ሆኖ ዋሻው የመጀመሪያዎቹ በሽተኞች ከታዩበት ከተማ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ቫይረሱን በመንገድ ያሻገረው በእንስሳት ንግድ የተጓዘ ሌላ እንስሳ ነው የሚለው ግምት የሚጠናው በዚህ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ እኔን በጣም ስለገረመኝ። ከዋሻዎቹ አቅራቢያ የሚኖሩ 218 የመንደር ሰዎች ደም ተመርምሮ ነበር። ስድስቱ የእነዚህን ቫይረሶች አሻራ በደማቸው ይዘው ተገኙ። ማለትም በአንድ ወቅት ይዟቸው ሄዷል። ሆስፒታል አልገቡም፤ ወሬም አልሆነም። ቫይረስ ከወፍ ወደ ሰው መዝለሉ በየመቶ ዓመቱ የሚሆን ተአምር ይመስለን ነበር። ሳናየው የሚያልፍ ብዙ ነው፤ ጥቂቱ ብቻ ከሰው ወደ ሰው መሄድ ይችላል።

ወደ ኮቪድ እንምጣ። በ2020 መጀመሪያ ሁሉም ቦታ «96 በመቶ» ትባል ነበር። ከዩናን በ2013 ከተወሰደ ናሙና የተገኘ ራቲጂ13 የሚባል ቫይረስ ከኮቪድ ቫይረስ ጋር 96.2 በመቶ ይመሳሰላል። ሲሰሙት ወንድማማች ይመስላሉ። ሰውና ቺምፓንዚ ከዚያ በላይ ይመሳሰላሉ፤ ቺምፓንዚን አጎቴ የሚል ግን አላየሁም። ከ30,000 ፊደል አራት በመቶ ገደማ ማለት ከ1,100 በላይ የተለያየ ፊደል ነው። በ2020 የታተመ አንድ ስሌት ሁለቱ የተለያዩት ከ1940ዎቹ መጨረሻ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው ብሏል። የአያት ዘመድ ናቸው።

ከዚያ ከላኦስ ዜና መጣ። የፓስተር ኢንስቲትዩትና የላኦስ ተመራማሪዎች በኖራ ድንጋይ ተራሮች ውስጥ ካሉ ዋሻዎች 645 የሌሊት ወፎች ያዙ፤ 46 ዝርያ። ባናል-52 ብለው የሰየሙት ቫይረስ 96.8 በመቶ ሆነ። ከ96.2 ወደ 96.8፣ ምን ይገርማል? የሚገርመው ድምሩ ላይ አይደለም፤ አንዷ መዝሙር ላይ ነው።

ኮሮናቫይረስ ገላው ላይ እሾህ አለው። እሾሁ ቁልፍ ነው፤ እኛ ሕዋሶች ላይ ያለው ኤሲኢ2 የሚባል ፕሮቲን ደግሞ ጓጉንቸሩ። የኮቪድ ቫይረስ ቁልፍ ጓጉንቸሩን የሚነካው በ17 ነጥቦች ነው። ባናል-52 ላይ ከ17ቱ 16ቱ ያው ራሳቸው ናቸው። ማንም ሳይነካው፣ ዋሻ ውስጥ፣ የሰውን በር የሚከፍት ቁልፍ ተቀርጾ ተቀምጧል። ላብራቶሪ ውስጥ ሲሞከርም የሰው ሕዋስ ውስጥ ገብቷል። በአንጻሩ የመጀመሪያውን ረጅም ክፍል ስታዩ ለኮቪድ የሚቀርበው ዩናን ውስጥ የተገኘ ሌላ ቫይረስ ነው። እንደገና ያው የዳዊቱ ነገር። ኮቪድ ቫይረስ እሾሁ ላይ ያለው፣ ወደ ሕዋስ መግባትን የሚያቀልለት የፉሪን መቁረጫ የሚባለው ቦታ ደግሞ ባናል-52 እና አብረውት የተገኙት የላኦስ ዘመዶቹ ላይ የለም።

ቫይረሱ ዉሃን ድረስ በምን በኩል መጣ የሚለው ክርክር አልተዘጋም። በገበያ እንስሳት በኩል ነው የሚለው ወገን አለ፤ ከላብራቶሪ ጋር የተያያዘ አደጋ ነው የሚልም አለ። የእኔ ጽሑፍ ስለዚያ አይደለም። ሁለቱም ወገን ግን ዘመዶቹ በደቡብ ቻይናና በላኦስ ባለፈረስ ጫማዎች ላይ እንደሚኖሩ አይከራከርም።

«እኛ ጋስ?» ማለታችሁ አይቀርም። ባለፈረስ ጫማዎች ኢትዮጵያም ውስጥ አሉ። የሳርስ ሩቅ ዘመዶች ከቡልጋሪያ እስከ ጃፓን፣ ከኬንያ እስከ ሩዋንዳና ዩጋንዳ ተገኝተዋል። ኬንያ ውስጥ ከ221 የሌሊት ወፎች 41ዱ ላይ ኮሮናቫይረስ ተገኝቶ ነበር፤ ከአምስት አንድ ገደማ። አትደንግጡ። ከዩጋንዳና ከሩዋንዳ የተገኙት የሰውን ጓጉንቸር አይከፍቱም። የኬንያውም እንዳለ አይከፍትም። ላብራቶሪ ውስጥ ቁልፉ ላይ ሁለት ቦታ ብቻ ሲለወጥ ግን ከፍቷል። እነዚህን ቫይረሶች ከሩቅ መከታተል ትርፍ ሥራ አይደለም የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ለእኛ ከሌሊት ወፍ ይልቅ የሚቀርበው ግን ግመል ነው። መርስ የሚባለው ኮሮና በ2012 ሳዑዲ ውስጥ ተለየ። ከያዛቸው ሦስት ሰዎች ከአንድ በላይ ይገድላል። ሳዑዲ ያላችሁ «ግመል አትንኩ፣ ጥሬ ወተት አትጠጡ» የሚለውን ማስጠንቀቂያ ታስታውሳላችሁ። የመርስ የቅርብ ዘመዶች ከሌሊት ወፎች ተገኝተዋል፤ በተለይ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ። ግመል ውስጥ ከገባ ግን ቆይቷል። በ1983 ከሶማሊያና ከሱዳን ግመሎች ተወስዶ የተቀመጠ ደም በኋላ ሲመረመር የመርስ አሻራ ነበረበት። የኢትዮጵያ ግመሎችም ሲመረመሩ ከአሥሩ ከዘጠኝ በላይ አሻራው አለባቸው። ታዲያ አፋርና ሶማሌ ላይ ጥሬ ወተት ሲጠጣ የኖረው ሕዝብ ለምን አላለቀም? አንዱ መልስ የአፍሪካው የመርስ ዘር ከዓረቡ የተለየ መሆኑ ነው፤ ሙከራ ላይ በሰው ሳንባ ሕዋስ ውስጥ የመራባት አቅሙ ደከም ያለ ሆኖ ታይቷል። ከአንድ ስም በታች እንኳ ልዩነቱ ይህን ያህል ነው።

ወፊቱ ራሷ ለምን አትታመምም? መብረር ከባድ ሥራ ነው፤ ሰውነቷ ውስጥ ብዙ ቆሻሻና ጉዳት ያስከትላል። መከላከያዋ በየጉዳቱ የሚጮህ ቢሆን ኖሮ ራሷን ታቃጥል ነበር። ስለዚህ ማንቂያ ደወሏ ዝግ ያለ ነው። በ2018 የወጣ ጥናት ስቲንግ የሚባለው የማንቂያ ፕሮቲን ሌሊት ወፎች ላይ የተዳከመ መሆኑን አሳይቷል። ኮቪድ ብዙ ሰው የገደለው በቫይረሱ ብቻ አልነበረም፤ መከላከያችን ከልክ በላይ ስለተቆጣ ጭምር ነው። እሷ አትቆጣም። ቫይረሱም ይኖራል፣ እሷም ትኖራለች። ሩሲያ ውስጥ ሰባት ግራም የምትመዝን አንዲት የሌሊት ወፍ ከተያዘች ከ41 ዓመት በኋላ በሕይወት ተገኝታለች።

ታዲያ እንጨርሳቸው? በ2020 ፔሩ ውስጥ፣ ካሃማርካ አካባቢ፣ ገበሬዎች በእሳት አጥቅተዋቸው መንግሥት 200 የሚሆኑትን አድኗል። ከዚህ የሚማር ነገር ያለው ግን ዩጋንዳ ነው፤ ቫይረሱ ኮሮና ሳይሆን ማርበርግ የሚባል ሌላ ገዳይ ቫይረስ ቢሆንም። ኪታካ የሚባል የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ማርበርግ ከተነሳ በኋላ ሠራተኞቹ የሌሊት ወፎቹን ጨርሰው አጠፏቸው። በ2012 እዚያው አካባቢ በዩጋንዳ ታሪክ ትልቁ የማርበርግ ወረርሽኝ ተነሳ። ጉድጓዱ ሲታይ ወፎች ተመልሰው ገብተዋል። ቫይረሱን የያዙት መጠን በፊት ከመቶ አምስት ገደማ ነበር፤ አሁን ከመቶ አሥራ ሦስት አልፏል። የቆዩትና ቀድሞ ይዟቸው የዳኑት ሲገደሉ፣ ቦታውን የያዙት ገና ያልያዛቸው ነበሩ።

አሁን ያዙልኝ ወዳልኩት ነገር፣ ወደ አንዱ ገጽና ወደ ሙሉው መጽሐፍ፣ ልመለስ። በ2010 ካምቦዲያ ውስጥ፣ ስቱንግ ትሬንግ ክፍለ አገር፣ ሁለት ባለፈረስ ጫማዎች ተይዘው ናሙና ተወሰደባቸው። ናሙናው ፕኖም ፔን ባለ ማቀዝቀዣ ውስጥ ገባ። ትንሽ ጠርሙስ ናት፣ ከሌሎች ጠርሙሶች መሀል። ዓለም በኮቪድ ቤቱን ሲዘጋ ማቀዝቀዣው ተከፈተና ሙሉ ጽሑፉ ተነበበ። 92.6 በመቶ። የኮቪድ ቫይረስ ዘመድ አሥር ዓመት ሙሉ እዚያ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር።